እርስዎ ይቅደሙ፣ አንተ ቅደም

ልነግራቸው የቆረጥኩት እራት ላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ ስለማመደው ውያለሁ። «ጋሼ፣ ቫንኩቨር ሥራ አግኝቻለሁ፤ ግንቦት ላይ እሄዳለሁ።» በቃ፣ ይቺው ናት። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ጋሼ…» ከማለቴ እሳቸው ቀደሙኝና አንድ ባለ ቀለም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ አሸዋ፣ ጀርባቸው ላይ የአየር ሲሊንደር ያዘሉ ፈረንጆች።

«የፋብሪካው የገና ፓርቲ ዕጣ ለእኔ ወጣ!» አሉ። «ለሁለት ሰው ነው። ባሕሩ ውስጥ ጠልቀን ታቹን እናያለን፣ አንተና እኔ!»

ወይ ጣጣ! እንዲህ ፊቱ የበራ ሰው ፊት ምን ይባላል? «እሰይ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ። ቫንኩቨርን ከነወጡ ዋጥኩት።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ካልጋሪ ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ካፖርት ይዘው የተቀበሉኝ፣ መስኮት ፋብሪካ ያስገቡኝ፣ መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዋና ሳይቀር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሱንም ውለታው ላይ ደምሩት። ኤሪን ውድስ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ያለ ቤት፣ ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። አንድ ሺፍት እንገባለን፣ በአንድ መኪና እንመለሳለን፣ በአንድ ጠረጴዛ እንበላለን። እሳቸው ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ፣ እኔ መስታወት ከፍሬሙ ጋር አያይዛለሁ። አዲስ አበባ የቤት ፕላን መንደፍ የተማርኩ ሰው ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ስሠራ ውዬ፣ ብቸኛው መስኮቱ በበረዶ ወደተደፈነ ቤት እገባለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ በዚያ መስኮት የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው።

ቢሰድቡኝ ኖሮ ድሮ ወጥቼ ነበር። ችግሩ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ኦቨርታይም ገብቼ ካመሸሁ ሳይበሉ ይጠብቁኛል። ጓደኞቼ ጋ በልቼ ከመጣሁም ሳይበሉ ይጠብቁኛል፤ ያኔ ደግሜ እበላለሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ቅዳሜ ልወጣ ጫማዬን ሳስር «የት ነው? ላድርስህ» ይላሉ። አድርሰውኝ የሚሄዱ እንዳይመስላችሁ፤ ፓርክ አድርገው ይጠብቁኛል። አንዴ ሴት ልጅ ላገኝ ሻይ ቤት ቀጥሬ፣ አጎቴ ውጭ ሞተር አስነስተው ቁጭ! ልጅቷ በመስታወቱ እያየች «ያ ሰውዬ ማነው?» አለችኝ። ሁለተኛ ኮል አላደረገችልኝም። እስቲ እናንተው ፍረዱ።

ቫንኩቨር ያለው መሥሪያ ቤት የምወደውን ሥራ ሊሰጠኝ እሺ ብሏል። ከፋሲካ በፊት ቁርጡን አሳውቀን ብለውኛል። እኔ ደግሞ በደወሉ ቁጥር ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» እላለሁ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ እንዴት አድርጌ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጥያቸው ልሂድ? እናቴ ብትሰማ ምን ትላለች? ሰውስ? «አምጥቶ፣ አስተምሮ ለዚህ ቢያበቃው፣ ልክ ክንፍ ሲያወጣ በረረበት» ነው የሚባለው። ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣሪያውን ሳይ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

እሳቸው ባሕር ባሕር የሚሉበት ምክንያት አላቸው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነው። «ያን ሁሉ ዘመን ባሕር ላይ ኖሬ ባሕርን አላየሁትም» ይላሉ። «ያየሁት ቆዳውን ነው። አረፋና ዘይት።» የዳህላክ አጥማጆች ከታች ስላለው የአበባ ዱር ሲያወሩ ይሰሙና ይቀኑ ነበር። ከዚያ ሕይወት አዙሮ አዙሮ ባሕር የሌለበት ሜዳ ላይ ጣላቸው። ቅርባችን ያለው ውሃ ቸስተርሚር ሐይቅ ነው፤ እሱም ግማሹን ዓመት ሰው ወንበር ዘርግቶ ዓሣ የሚያጠምድበት በረዶ ነው።

ከመሄዳችን በፊት እዚያው ካልጋሪ፣ ቤት ውስጥ ባለ የመዋኛ ገንዳ መሠልጠን ነበረብን። ውጭ የአፍንጫ ፀጉር የሚያደርቅ ብርድ፣ ውስጥ ክሎሪን ክሎሪን የሚሸት እንፋሎት። አሠልጣኛችን ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው ወጣት ሴት ነበረች። ጋሼን በስማቸው፣ ያለ ጋሼ ያለ አቶ፣ እንደ እኩያዋ ትጠራቸዋለች። እኔ በእሳቸው ፈንታ መሬት ዋጪኝ አልኩ። እሳቸው ግን «ተዋት፣ ሃያ ዓመት ቀነሰችልኝ» አሉ።

ስታስረዳ፣ ጋሼ እንደ ማንኛውም ጨዋ አድማጭ በየመሃሉ አየር ሳብ እያደረጉ «እህ» ይላሉ። እሷ ንግግሯን ታቆማለች። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» ትቀጥላለች። «እህ።» ታቆማለች። «አስም አለብህ?» በመጨረሻ እኔ «እየሰማሁሽ ነው ማለታቸው ነው፣ እኛ አገር እንዲህ ነው» ብዬ ገላገልኳቸው። ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከደረታቸው አልተነሳም።

ሊፈራለት የሚገባው ግን እኔ ነበርኩ። መነጽሩ አፍንጫን ይደፍናል። አየሩ የሚመጣበትን ጎማ አፍ ውስጥ ነክሶ መያዝ ነው። ወገብ ላይ እርሳስ፣ ጀርባ ላይ ሲሊንደር። ገንዳው ወለል ላይ ስንበረከክ የራሴን ትንፋሽ ብቻ እሰማለሁ፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ ልቤ ደግሞ ከሱ ይቀድማል። ልውጣ፣ ልውጣ ይለኛል። ቀና ስል ጋሼ ፊት ለፊቴ ተንበርክከው በመነጽራቸው ውስጥ በትልልቅ ዓይን ያዩኛል፤ ደህና ነህ ወይ ለማለት። ኧረ በሕግ! ውሃ ውስጥም?

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ለጀማሪ የሚሰጥ አንድ ልምምድ ነበር። የአንዱ አየር አልቋል ይባልና ሁለት ሰው ከአንድ ጎማ በተራ ይተነፍሳል። ሁለቴ ስቦ ማቀበል፣ ሁለቴ ስቦ ማቀበል። አብረውን የሚማሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እንደ ሲጋራ ተቀባብለውት ጨረሱ።

ተራው የእኛ ሆነ። አየር ያለቀባቸው ጋሼ ናቸው ተባለ። ጎማዬን ከአፌ አወጣሁና ራሴን ዝቅ አድርጌ በሁለት እጄ አቀበልኳቸው። ታላቅ እያለ ታናሽ አይጀምርማ! እሳቸው ደግሞ ማዕድ ላይ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሳይሰጡ በልተው አያውቁም። አንዴ እንኳ ሳይስቡ ወደ አፌ መለሱት። ራሴን ነቀነቅኩ፣ እርስዎ ይቅደሙ። ደረታቸውን በመዳፋቸው መቱ፣ አንተ ቅደም። ገፋሁት። መለሱት። ጎማው በመካከላችን አረፋ እየተፋ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ አየሩን የሚስበው ሰው የለም። አሠልጣኟ መጀመሪያ የምንቀልድ መስሏት ነበር። ዓይናችን ሲፈጥ ጊዜ ሁለታችንንም በማሰሪያችን ጎትታ አወጣችን።

ጠርዙ ላይ ተንጠልጥለን ስናስል እሷ ፊቷ ቀልቶ ትጮኻለች። «ምን ሆናችኋል? መሞት ነው የምትፈልጉት?»

ጋሼ ሳላቸውን ጨርሰው «ልጁ አልጀመረማ» አሉ።

«አንተስ?» አለችኝ።

«እሳቸው አልጀመሩማ!»

ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። ባልና ሚስቱም ሳቁ። እኔ ግን ተናደድኩ። ቤታችንም እኮ ይኸው ነው! ሰውዬው የራሳቸውን ትንፋሽ ይሰጡኛል፣ እኔ አልወስድም፣ እሳቸውም አይወስዱም፣ በመካከል እኔ ልሞት ነው። ማን ክፉ ሆነና ማንን ልክሰስ? አሠልጣኟ «ውሃ ውስጥ ጨዋነት የለም» አለች። «የተቸገረው ይወስዳል፣ በቃ። ባሕሩ ላይ አብሬያችሁ ነኝ፣ እዚያ ትደግሙታላችሁ። እዚያም እንዲህ ካደረጋችሁ ሁለታችሁም ጀልባው ላይ ትቀመጣላችሁ።»

ቤት ገብተን በኩባያ ተለማመድን። ሶፋው ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ ኩባያውን አፍ ላይ ደፍቶ ሁለቴ መተንፈስና ማቀበል። ጋሼ ሁለተኛውን ሁልጊዜ ይዘሉታል። «አንዱ ይበቃኛል» ይላሉ። ያን ምሽት ለሁለተኛ ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ንገረኝ ልጄ» አሉ፣ ኩባያውን እንደያዙ።

ፈገግታቸውን ሳይ አንጀቴን በሉት። «ሻዩ ቀዝቅዟል» አልኩ። ኩባያው ባዶ ነበር። ሁለታችንም ባዶውን ኩባያ አየነው።

መጋቢት ላይ ሄድን። በካሪቢያን በኩል ያለች፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች የራቀች አንዲት ጸጥተኛ የባሕር ዳርቻ ናት። ከአውሮፕላን ስንወርድ ሙቀቱ ፊታችንን ሲነካን ጋሼ ካፖርታቸውን አውልቀው ጣሉትና «ምጽዋ!» አሉ። ዳርቻው ለጀማሪ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ማዕበሉን ራቅ ብሎ የተዘረጋ፣ ኮራል የሚሉት የባሕር አለት ግንብ ያስቀረዋል፣ ከግንቡ ወዲህ ውሃው የተኛ ነው። ጀልባዋ ከዳር ብዙም ሳትርቅ ትቆማለች፣ ታቹ ከላይ ይታያል።

ወረድን። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ከታች አሸዋው ላይ ብርሃን እንደ መረብ ይንቀሳቀሳል፣ ግድግዳ የለም፣ ጣሪያም የለም። ኮራሉ እንደ ጥቅል ጎመን የተጠቀለለ አለ፣ እንደ አጋዘን ቀንድ የተንሰራፋ አለ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ማራገቢያ የሚመስል አለ፤ ማራገቢያው ከውሃው ጋር ወዲያ ወዲህ ይላል። ቢጫ ዓሦች በቡድን ሆነው በአጠገባችን አለፉ፣ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩን። አንድ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነ ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ይቆረጥማል፣ ድምፁም ይሰማል፤ ቆሎ ከሚበላ ሰው አጠገብ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ካልጋሪ ከገባሁ ወዲህ ደረቴ እንደዚያ ቀሎት አያውቅም።

ጋሼ አሸዋው ላይ ተንበርክከው ቀሩ። እጃቸውን ዘርግተው፣ ምንም ሳይነኩ፣ እንዲሁ ያያሉ። በየደቂቃው ደግሞ ዞር ይሉና እኔን ያያሉ። ጀልባው ላይ ስንወጣ መነጽራቸው ውስጥ ውሃ ነበር። «ባሕሩ ገባብዎት?» ብላቸው «የእኔ ነው፣ ምን ይደረግ» አሉ። «ከሥሬ ይህ ሁሉ እያለ እኔ የመርከብ ወለል ስወለውል ኖርኩ!»

በማግስቱ አሠልጣኟ አሸዋው ላይ አንበረከከችንና በጣቷ ወደ ጋሼ ጠቆመች። ያንተ አየር አልቋል። ጋሼ ጎማቸውን ከአፋቸው አወጡ። እኔ እንደተነገረኝ ሁለቴ ሳብኩና የእኔን ዘረጋሁላቸው። ያዙት። እጃቸው ወደ እኔ ሊመልሰው ሲጀምር አየሁ፤ አይ፣ አለቀልን፣ ጀልባው ላይ ነው ውሏችን አልኩ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። ጎማውን ወደ አፋቸው ወሰዱና ሳቡ። ደግመው ሳቡ። ሁለት ላይ አላቆሙም፣ ሳቡ፣ ሳቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ተጠማ ሰው። እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ። እኚህ ሰውም ለካ አየር ያስፈልጋቸዋል! አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። አሠልጣኟ ክንዳቸውን ነካ ስታደርጋቸው ደንገጥ ብለው መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ሁለቴ እሳቸው፣ ሁለቴ እኔ፣ ምንም ሳንጨነቅ ጨረስን።

ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ እግራችንን ውሃው ውስጥ ነክረን ተቀመጥን። ወይ ዛሬ ወይ መቼም አልኩና አንድ ትንፋሽ ስቤ አወጣሁት። «ጋሼ፣ ቫንኩቨር ሥራ አግኝቻለሁ። የተማርኩበት ሥራ ነው። ግንቦት ላይ እሄዳለሁ።»

«እህ» አሉ፣ ወደ ውስጥ። ቀጥለው «መቼ ነው ያገኘኸው?»

«ከገና በፊት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብቻዎን ጥዬዎት ልሄድ? በምን አፌ?»

ጋሼ መሳቅ ጀመሩ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ወይ አንተ ልጅ» አሉ። «ወይ እኔ ሰውዬ!» ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠራረጉና ነገሩኝ። ቶሮንቶ አንዲት ሴት ነበረች፣ የድሮ የባሕር ኃይል ጓደኛቸው እህት። እሑድ እሑድ መኪናውን ላሙቅ ብለው ሲወጡ፣ ከግሮሰሪው በር ካለው የሕዝብ ስልክ እሷ ጋ ነበር የሚደውሉት፣ እኔ እንዳልሰማ። ና አለቻቸው። የእህቴ ልጅ አደራ አለብኝ፣ እግሩን ይትከልና እመጣለሁ አሏት። ጠበቀች። ደግማ ና አለች። ደግመው ትንሽ ጊዜ ስጪኝ አሏት።

«አሁንስ?» አልኩ።

«መስከረም ላይ አገባች። ጥሩ ሰው ነው አሉ።»

ደሜ ፈላ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ላይ ጮኽኩባቸው። «ለምን አልነገሩኝም? ማን ጠየቀዎት? ያንን ቤዝመንት እኮ አልወደውም! አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም!»

«እኔስ መቼ ወደድኩት?» አሉ። «ለሥራህ ቅርብ ነው ብዬ እኮ ነው የያዝኩት።»

«እራቱስ?»

«አምሽቶ መብላት ጨጓራዬን ያነደኛል። ብቻህን እንዳትበላ ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ በልቼ ነበር የምመጣው!»

ተያየን። መሳቅ ነበረብን፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እስቅ ነበር። እኔ ግን የታየችኝ ያቺ ሴት ናት። ድምጿን እንኳ አልሰማሁም፤ እሷም እንደ እኔ በዚያ ቤዝመንት ውስጥ አብራን ስትታፈን ኖራ፣ እሷ ቀድማ ወጣች። አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ። ጋሼ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ «ተው፣ ተው፣ ያለቀ ነገር ነው» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ነገ ጠዋት ለሰዎቹ ደውልላቸው» አሉ። ደወልኩ። የሆቴሉ ስልክ ላይ ቆሜ እሺ፣ እመጣለሁ አልኩ። ጉዳዩ ያን ያህል አጭር ነበር።

በመጨረሻው ቀን አንድ ጊዜ ደግመን ወረድን። ከግንቡ ሥር አንድ ትልቅ ኤሊ ሣር ይግጥ ነበር። ቀና ብሎ አየንና ያለ ምንም ችኮላ ወደ ጥልቁ በኩል ቀዘፈ። ጋሼ ተከተሉት፣ አሠልጣኟ ከጎናቸው። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰብስበው፣ እግራቸውን ቀስ እያደረጉ፣ ለዚያ የተፈጠሩ ሰው ይመስሉ ነበር። ዞረው እስኪያዩኝ ጠበቅኩ። አልዞሩም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይኸው፣ ለቀቁኝ፣ የለመንኩት ይህን አልነበረም ወይ አልኩ። እዚያው ቆሜ ዓሦቹን ለማየት ሞከርኩ። ከዚያ ጎማው ውስጥ የራሴን ትንፋሽ መስማት ጀመርኩ፣ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ እየፈጠነ። ሰማያዊው ውስጥ የጋሼ ጀርባ እያነሰ ሄደ። አሁን ይዞራሉ፣ አሁን ይዞራሉ አልኩ። ጋሼ ብዬ ልጣራ ፈለግኩ፤ ጎማ በአፍ ተነክሶ ማን ይጣራል? እግሬን እያወናጨፍኩ፣ አየሬን እያባከንኩ፣ ከኋላቸው ስሮጥ ራሴን አገኘሁት።